መዝገብ ቤት የወደቁት ሽማግሌ

የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር የነበሩት ሽማግሌ በመዝገብ ቤቱ ደረጃ ግርጌ አንገታቸው ተሰብሮ ሲገኙ፣ ረፋድ አምስት ሰዓት ተኩል ነበር። ከአንድ ሰዓት በፊት ጥበቃው በደህና አይቷቸዋል። እጃቸው ላይ የተቀደደ የወረቀት ጥግ ቀርቷል።

ፖሊስ ጣቢያው «እትዬ ለምን» የሚላቸው መርማሪ ሲደርሱ፣ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ከሬሳው ይልቅ የእጅ ሰዓቱን ያይ ነበር።

«ቶሎ ቢጨርሱልን። ከሰዓት ድምፅ ሰጥተን የነርሲንግ ትምህርትን እንዘጋለን።»

«ለምን?»

«መረጃው ነዋ። ግማሹ ተማሪ አቋርጧል። እኛ በስሜት አንወስንም።»

«‹ነፍስ ይማር› ማለትም ስሜት ሆነ?» አሉና ጥለውት ሄዱ።

የነርሲንግ ዲኗን ፖሊሶቹ ሊይዟት ነው፤ ጠዋት ሽማግሌው ላይ ስትጮህ ተሰምታለች።

«ለምን ጮህሽ፣ ልጄ?»

«ወረቀቱን ዛሬውኑ ያቅርቡልኝ ብዬ ነው፣ እማማ። ተማሪዎቼ አላቋረጡም፤ ሆስፒታል ልምምድ ላይ ናቸው። በወረቀቱ ስማቸውን አንድ በአንድ መዝግበው የያዙት ሽማግሌው ነበሩ። እኔ ከታሰርኩ ማን ይናገርላቸዋል?»

ሪፖርቱን ያዘጋጀው የመረጃ ክፍሉ ሹም ዝንብ የማያርፍበት ሰው ነው። ቦርሳውን ታቅፎ ተቀመጠ።

«አምስት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ቤተ መጻሕፍት። በሩ የሚከፈተው በካርድ ነው፤ ይኸው።» አንድ ወረቀት ዘረጋላቸው፦ አምስት ሰዓት ከአራት ደቂቃ። «ሰው ይዋሻል እንጂ መረጃ አይዋሽም፣ እናቴ።»

«የሚጽፈውስ?»

ሹሙ ላልተማረ ሰው እንደሚፈገግ ፈገግ አለ።

እትዬ ለምን የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ አነጋገሩ። የወሩን የበር መዝገብ ሙሉውን አስወጥተው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ከዚያ ሁሉንም ስብሰባ አዳራሽ ጠሩ።

«ቤተ መጻሕፍቱ ዛሬ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት መብራት አልነበረውም» አሉ። «በሩ ተበርግዶ ነው የዋለው። ካርድ አንባቢው ስለጠፋ የሰው ሁሉ መስመር ባዶ ነው። ያንተ ብቻ ተሞልቷል፤ መዝገቡን የሚይዘው ደግሞ ያንተው ክፍል ነው።»

ሹሙ ክራቫቱን አስተካከለ።

«መዝገብ ቤቱ ግን መብራት ነበረው። አንተም እዚያ ስለነበርክ መጥፋቱን አላወቅክም።»

«የማሽን ስህተት ይሆናል።»

«የወሩን መግቢያ ሰዓትህን ደምሬ አካፈልኩት፤ አራት ልጅ ሒሳብ አስጠንቼ ነው ያሳደግኩት። አምስት ሰዓት ከአራት ደቂቃ መጣ፣ ልክ። ባዶ ቦታ ስታይ በአማካይ ትሞላለህ፤ ልማድህ ነው። ልምምድ የወጡት ልጆች ቦታቸው ባዶ ሲሆንብህም ‹አቋርጠዋል› ብለህ ሞላህ። በዚያ ሪፖርት ተሾምክ። ሽማግሌው ዛሬ ወረቀታቸውን ቢያቀርቡ ሹመትህ አበቃ። የቀረው ወረቀት ቦርሳህ ውስጥ ነው ወይስ እሱንም በአማካይ እንሙላው?»

ሹሙ ቦርሳውን አጥብቆ ያዘ። ፖሊሱ ቀምቶ ሲከፍተው ጥጉ የተቀደደ የስም ዝርዝር ወጣ።

«ልገድላቸው አልነበረም» አለ ሹሙ ድምፁ ሰልሎ። «ወረቀቱን አልለቅም አሉኝ፤ ገፋኋቸው።»

ካቴናው ዲኗን ትቶ እሱ እጅ ላይ ገባ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ ድምፅ አሰጣጡን... የተስተካከለ መረጃ እስኪመጣ ለነገ እናሳድረው።»

«አይደርም» አለች ዲኗ። ፖሊሱ ከያዘው ዝርዝር አጠገብ ቆመች። «መቶ አሥራ ሁለት ሰው ነው። አንድ በአንድ አነባለሁ፤ ተቀምጣችሁ ትሰማላችሁ።»

ምክትል ፕሬዚዳንቱ ወደ በሩ አየ። እትዬ ለምን በሩን ዘግተው ተደግፈውት ቆመዋል።

ዲኗ የመጀመሪያዋን ልጅ ስም ጠራች።