የሞላው ስኒ

አቶ ክንዱ በሰው መስፈሪያ የረኩት በዕድሜያቸው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በዚያው ቀን ሞቱ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ እሳቸውን የማያውቅ ነጋዴ ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ሚዛን የለውም። ለብዙ ዘመን ለገበሬዎች ማኅበር እህል ሲረከቡ ኖረው ጡረታ ቢወጡም ዓይናቸው ጡረታ አልወጣም። ዘይት ሲገዙ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ያነሳሉ። ሥጋ ሲያስመዝኑ ከሚዛኑ ጋር እኩል ጎንበስ ይላሉ። ረቡዕ ጠዋት ግን ከቢያድግልኝ ካፌ በረንዳ ላይ ቡናቸውን ጨልጠው ሲነሱ በግንባራቸው ተደፉ። ሰው ተሯሩጦ ሆስፒታል ሳያደርሳቸው ነፍሳቸው ወጣች። ሐኪሙ ሽታውንና ምልክቱን አይቶ «የተባይ ማጥፊያ ነው» አለ።

ፖሊስ አስተናጋጇን ወይኒቱን አሰረ። ስኒውን ያቀረበችው እሷ ናት፤ ሰውየው እንደወደቁ ስኒዎቹን ሰብስባ ያጠበችውም እሷው ናት። ዓርብ ፍርድ ቤት እንድትቀርብ ተቀጠረ፤ ከተማው ግን ቀጠሮ ስለማያውቅ በዚያው ቀን ፈረደባት። «ከእንግዲህ ከእሷ እጅ ማን ስኒ ይቀበላል?» ተባለ። እናቷ ወይዘሮ ሀብትነሽ ከገበዝ ማርያም ገስግሰው መጥተው፣ ልጅ እንደሞተባቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከጣቢያው በር ላይ ተቀመጡ።

ሐሙስ ጠዋት ኢንስፔክተር ያምሮት ከቡሬ ተጠርታ መጣች። ያምሮት ሰው ሲያናግራት ዓይኗን ትጨፍናለች። ተናጋሪው የተኛች እየመሰለው ካሰበው በላይ ያወራል።

«ስኒውን ለምን አጠብሽው?» አለቻት ወይኒቱን።

«አስተናጋጅ ነኝ፣ እኔ ካላጠብኩት ማን ያጥበዋል? ጋሽ ቢያድግልኝም ‹አንሺ! አንሺ!› እያለ ጮኸብኝ። ትልቁን ብርጭቆ ግን ራሱ ይዞት ገባ።»

«ሟች ምን አዝዘው ነበር?»

«እንደ ሁልጊዜያቸው ነዋ። አንድ ትልቅ ለሁለት፣ ከሁለት ባዶ ስኒ ጋር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢያድግልኝ ቡናውን በትንሽ ስኒና በትልቅ ብርጭቆ ይሸጣል። ግድግዳው ላይ «ትልቁ ሁለት ስኒ ይሞላል» ብሎ አስጽፏል፤ ዋጋውም ከሁለት ስኒ ረከስ ይላል። ስለዚህ ብልጥ ነኝ ያለ ሁሉ አንድ ትልቅ አዝዞ ከጓደኛው ጋር በባዶ ስኒ ይካፈላል። በእኛ ከተማ ደግሞ ብልጥ አይደለሁም የሚል ሰው ስለሌለ፣ ትንሹን የሚያዝ ጠፍቶ ነበር።

«ስኒዎቹ ባዶ መሆናቸውን በምን አወቅሽ?»

«ተደፍተው ነዋ የሚቀርቡት! ለዝንቡ ብለን ሁሌም ስኒ ደፍተን ነው የምናቀርበው። የተደፋ ስኒ ምን ይይዛል?»

«ከዚያስ?»

«ጋሽ ክንዱ እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ሁሌ አብሯቸው ለሚጠጣው ለጋሽ መልካሙ ሞልተው ቀዱ፣ የቀረውን ለራሳቸው አደረጉ። ሌላ ቀን ቢሆን ‹ጣት ጎደለ!› ብለው ሰፈሩን ያምሳሉ። ያን ቀን ግን ሳቁ። ‹ዛሬስ ሞላ! ቢያድግልኝ ንስሐ ገብቷል በይ› አሉኝ። ከሥሩ ጠብታ ሳያስቀሩ ጨለጡት።» ልጅቱ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ደስ ብሏቸው ነበር እኮ።»

ያምሮት ዓይኗን ገለጠች።

ከጣቢያው ወጥታ በቀጥታ ወደ ካፌው ሄደች። ቢያድግልኝ ወፍራም፣ ሳይሞቀው የሚያልበው ሰው ነው።

«ትልቁ ብርጭቆ የት አለ?»

«ተሰበረ።»

«ስባሪው?»

«ተ… ተጣለ።»

«እንግዲያው ከእሱ ጋር በአንድ ካርቶን የመጡትን አምጡልኝ።»

ቢያድግልኝ ላቡን ጠረገና ያልተሰበረውን ብርጭቆ ከወንድሞቹ ጋር ከስኳሩ ከረጢት ጀርባ አውጥቶ ደረደረ። ያምሮት አንዱን በውሃ ሞልታ ወደ ሁለት ስኒ ገለበጠችው። የመጀመሪያው ስኒ እስከ አፉ ሞላ። ሁለተኛው ከአፉ አንድ ጣት ያህል ጎደለ። ሌላውን ብርጭቆ ሞከረች፤ ጎደለ። ሁሉንም ሞከረች፤ ሁሉም ጎደሉ።

«ያው… ቂጡ ወፍራም ነው» አለ ቢያድግልኝ፣ ድምፁ ወደ ውስጥ እየገባ። «ሰውየው ቅዳሜ በገበያተኛ ፊት እለካዋለሁ ብለው ዝተውብኝ ነበር። ሲወድቁ ሰው ተሰብስቦ ብርጭቆዬን እንዳያየው ብዬ ደበቅሁት። ሰው ግን አልገደልኩም፣ በማርያም!»

«ረቡዕ ዕለት ሁለቱም ስኒ ሞልቶ አይተዋል?»

«አዎ፣ የሁለቱም እስከ አፉ ነበር። እኔም ‹ወይኒቱ ምን ጨምራ ቀዳችልኝ?› ብዬ ተናድጄባት ነበር።»

«ብርጭቆው ከሚይዘው በላይ ልትጨምር ትችላለች?»

ቢያድግልኝ አንዱን ብርጭቆ አንስቶ ቂጡን አየው።

ከዚያ ወደ ለቅሶ ቤቱ ሄደች። የሟች ባለቤት ወይዘሮ አገሬ ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ጠላት ነበራቸው ወይ፣ እማማ?»

«የሚነግድ ሁሉ ይሸሻቸዋል፣ የሚጠላቸው ግን አላውቅም፣ ልጄ። ማክሰኞ ብቻ ከፍቷቸው ገቡ። ጤና ጣቢያ ተመዝነው ሲመለሱ፣ ያው አመላቸው ነውና ከመልካሙ መጋዘን ሚዛን ላይም ወጡ። ‹አገሬ፣ ከጤና ጣቢያ እዚህ ስደርስ ከሳሁ› አሉኝ። ‹ግማሽ ቡና እየጠጣችሁ እንዴት አትከሱ!› ብዬ ሳቅሁባቸው። እሳቸው አልሳቁም።»

«ለመልካሙ ነገሩት ይሆን?»

«ሳይነግሩት ይቀራሉ? ሰውን ሳያስጠነቅቁ አያጋልጡም። ‹እስከ ቅዳሜ ካላስተካከልከው ለገበሬው እነግራለሁ› ሳይሉት አይቀሩም። ግን እሱ ልጃቸው ማለት ነው እኮ…» አሉ። የያምሮትን ፊት አዩት። «ምነው፣ ልጄ?»

«ምንም፣ እማማ። ነገ ጠዋት ካፌው ጋ ይምጡልኝ።»

መልካሙ እህል ነጋዴ ነው፤ ከማንኩሳ ገበሬ በቆሎ ይገዛል። ያምሮት መጋዘኑ ስትደርስ ከጆንያዎቹ መካከል በሸሚዝ ቆሞ አገኘችው። የጠዋቱ ብርድ ገና አልለቀቀም።

«አንድ ብርጭቆ ለሁለት ጠጣን፤ ይኸው እኔ ቆሜያለሁ» አላት ሳትጠይቀው። «ቡናው ንጹሕ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ስኒውን ያቀረበ ሰው…» ጣቱን ወደ ፖሊስ ጣቢያው አቅጣጫ ቀስሮ ተወው።

«ጋሽ ክንዱ ቡናቸው ውስጥ ጤና አዳም ይወዱ ነበር አሉኝ።»

«ያለሱ አይጠጡም። ከጓሮዬ ቀንጥሼ የማመጣላቸው እኔ ነኝ።»

«እስከ ካፌው አይጠወልግም?»

«በትንሽ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ አድርጌ በኮቴ ኪስ ነው የምይዘው። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ‹የመልካሙ ጠበል› ይሉታል።»

«ዛሬ ኮት የለዎትም?»

መልካሙ ወደ ጆንያዎቹ ዞረ። «ሬሳ ስሸከም ቆሸሸብኝ። አጣቢ ቤት ነው።»

ያምሮት አመሰገነችውና ወጣች። መንገዱን ከተሻገረች በኋላ ሳጅን አንዷለምን በሹክሹክታ አንድ ነገር አዘዘችው። ሳጅኑ ሮጠ።

ዓርብ ጠዋት በረንዳው ላይ ሁሉም ተሰበሰቡ። ወይዘሮ አገሬ በጥቁር ልብስ፣ ቢያድግልኝ በላቡ፣ መልካሙ በአዲስ ሹራብ። ወይኒቱ ከሳጅኑ አጠገብ ቆማለች፤ እናቷ ከደረጃው ሥር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያዩዋታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፍርድ ቤት ትወሰዳለች። ከአጥር ውጭ ደግሞ ሥራ ፈትቶ የቆመው ሰው ብዛት… ማለት፣ ሁላችንም ነበርን።

ያምሮት አቶ ክንዱ ይቀመጡበት ከነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠች። መልካሙን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው።

«አቶ ቢያድግልኝ፣ አንድ ትልቅ ለሁለት። ልክ እንደዚያ ቀን።»

ቢያድግልኝ ራሱ ይዞ መጣ። ማንም ሳይነግረው ሁለቱን ስኒዎች በማስቀመጫቸው ላይ ደፍቶ ነበር ያቀረባቸው። ያምሮት ስኒዎቹን ዞር ብላም አላየቻቸው። እንደ ሟቹ ጎንበስ ብላ ዓይኗን ከትልቁ ብርጭቆ አፍ ጋር አስተካከለች።

«እንዲህ ነበር የሚያዩት፣ እማማ?»

«እንዲያ ነበር» አሉ ወይዘሮ አገሬ። «እግዜር ይይልህ እያሉ።»

«ቆይ፣ በደንብ ልየው። ይህ ጎድሏል ይባላል ወይስ አረፋው ነው…»

ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ያምሮት ቀና ሳትል «ምን ነበር እሱ?» አለች።

ሰው ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። የመልካሙ እጅ የእሷን ስኒ ገልብጦ፣ ቀና አድርጎ ካስቀመጠ በኋላ ወደ ሹራቡ ጎን ወርዷል፤ የኮት ኪስ ከሚኖርበት ቦታ ደርሶ ቆሟል። እሱም እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አፍጥጦ ያየዋል።

«የታላቅን ስኒ ታላቁ ራሱ አይገለብጥም፤ ታናሽ ነው የሚገለብጥለት» አለች ያምሮት ቀና ብላ። «ጥሩ አስተዳደግ ነው። ለዓመታት ያደረጉትን እጅዎ አልረሳውም።»

«ስኒ መገልበጥ ወንጀል ሆነ እንዴ?» መልካሙ ሊስቅ ሞከረ።

«አልሆነም። ከመጀመሪያው ልጀምርልዎ። አንድ ብርጭቆ ለሁለት ተጠጥቶ አንዱ ሞተ፣ አንዱ ተረፈ። ስለዚህ መርዙ ብርጭቆው ውስጥ አልነበረም፤ ስኒው ውስጥ ነበር። ፖሊስ እዚህ ላይ ቆመና ስኒውን ያቀረበችውን ልጅ ያዘ። ግን ሟች ‹ዛሬስ ሞላ› ብለዋል። ይህ ብርጭቆ ሁለት ስኒ ሞልቶ አያውቅም፤ ቂጡ ወፍራም ነው፣ ሁለተኛው ሁልጊዜ በጣት ይጎድላል።»

ከአጥር ውጭ «ይኸው! አላልኩም?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰው ዝም አሰኘው።

«ታዲያ ያን ቀን ያቺን ጣት ምን ሞላት? ብርጭቆው አልጨመረም። ከቡናው በፊት ስኒው ውስጥ አንድ ጣት የሚያህል ፈሳሽ ነበር። ወይኒቱ ስኒውን ያቀረበችው ደፍታ ነው፤ የተደፋ ስኒ ፈሳሽ አይዝም። ፈሳሹ የገባው እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ ስኒው ከተገለበጠ በኋላ ነው። የገለበጠው እጅ የማን እንደሆነ አሁን ሁላችሁም አይታችኋል። ያው እጅ ከጠርሙሱ ጤና አዳሙን ሲያስገባ ውሃውንም አብሮ አፈሰሰው። ያን ቀን ግን ውሃ አልነበረም። ቅጠሉ ሸፈነው፣ ሽታውም ሽታውን ዋጠው።»

«እሳቸውስ ዓይን የላቸውም?» ጮኸ መልካሙ። «እንደሳቸው የሚያይ ሰው አለ?»

«ዓይናቸው ትልቁ ብርጭቆ ላይ ነበራ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ጋሽ ክንዱ ጠርጥረው ነበር። የጠረጠሩት ግን ብርጭቆውን ነው እንጂ አብሯቸው የሚጠጣውን አይደለም።»

«ማስረጃ የሌለው ወሬ ነው!»

ያምሮት ለሳጅን አንዷለም አናቷን ነቀነቀች። ሳጅኑ ከፌስታል ውስጥ ግራጫ ኮት አወጣ። የቀኝ ኪሱ ጨርቅ ቀለሙ ለቆ ነጥቷል፤ የተባይ መድኃኒቱ ሽታ እስከ ደረጃው ድረስ ወረደ።

«አጣቢ ቤቱ ከረቡዕ ጀምሮ ውሃ ጠፍቶበት አላጠበውም» አለች ያምሮት። «ጠርሙሱን ጥለውታል፤ ያንጠባጠበው ግን ኪስዎ ውስጥ ቀርቷል። የእህል ሚዛንዎንም ትናንት ማታ አስመርምረነዋል። ገበሬው ሲሸጥልዎ ያቀልላል።»

መልካሙ ወደ ወይዘሮ አገሬ ዞረ። እሳቸው አላዩትም።

«አስተካክላለሁ ብያቸው ነበር፣ እማማ» አለ ድምፁ ተሰብሮ። «የማንኩሳ ሰው ቢሰማ በድንጋይ ነበር የሚጨርሰኝ። ትንሽ ጊዜ ስጡኝ አልኳቸው። ‹እስከ ቅዳሜ› አሉኝ። ከዚያ በላይ ጣት ታህል አልጨምርም አሉ።»

«አይጨምሩም» አሉ ወይዘሮ አገሬ በዝግታ። «አንተን ግን ያስቀድሙህ ነበር። ሁልጊዜ ያንተን ስኒ ሞልተው፣ ጎዶሎውን ለራሳቸው አልነበር የሚቀዱት?»

መልካሙ ሲወሰድ ከአጥር ውጭ የነበረው ሰው መንገድ ከፈተለት። ቢያድግልኝ ማንም ሳያዝዘው ወንበር ላይ ወጥቶ የግድግዳውን ጽሑፍ በእርጥብ ጨርቅ ይፈትግ ጀመር።

ወይኒቱ ተፈታ በረንዳው መካከል ቆመች። እናቷ ደረጃውን ወጥተው አቀፏት፤ ነጠላቸውንም አቃኑት። ሰው ግን ትንሽ ራቅ ብሎ ነው የሚያያት። ነጻ መሆኗን ሁሉም ሰምቷል። ቡና ያዘዘ ግን አንድም የለም።

ያምሮት ከወንበሯ አልተነሳችም።

«ወይኒቱ፣ ቡና አለ?»

ልጅቱ ደነገጠች። «አለ… ትልቅ ላድርገው ወይስ ትንሽ?»

«ሂሳቡን ሠርቻለሁ፤ የሚያዋጣው ትንሹ ነው።»

ወይኒቱ ቡናውን በማንቆርቆሪያ፣ ስኒውን እንደ ልማዷ በማስቀመጫው ላይ ደፍታ አመጣች። ስኒው ከማስቀመጫው ጋር እየተጋጨ ሲንቀጫቀጭ ከአጥር ውጭ ድረስ ይሰማል። ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና ወደኋላ ሸሸት አለች።

ያምሮት ስኒውን አልነካችውም። በአጥሩ ላይ አሻግራ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችን፤ ከዚያም ዓይኗን ጨፈነች።

«ገልብጪልኝ» አለቻት፣ «ቅጂልኝም።»