መካከለኛው ሣጥን

የኮምፒውተር ባለሙያው የክንዱ ሬሳ የተገኘው ቡሬ፣ በእህል ዩኒየኑ መጋዘን፣ በሻገተ በቆሎ ክምር ላይ በአፍጢሙ ተደፍቶ ነው። ማጅራቱን በሚዛን ብረት ተመትቷል። ከፍኖተ ሰላም የተጠራው ኢንስፔክተር ቂርቆስ አፍንጫውን በመሀረብ ይዞ ጎንበስ አለ። ደም ለእሱ ብርቁ አይደለም፤ ያቅለሸለሸው ሌላ ነው። አረንጓዴ ሻጋታ የለበሰው በቆሎ ከንጹሑ ጋር በአካፋ እየተደባለቀ ጆንያ ገብቷል። ጆንያው ላይ «ለተማሪዎች ምገባ» ተብሎ ተጽፏል።

«ቱ!» አለ ቂርቆስ። «ይኼን ለልጅ?»

ከሬሳው በላይ ካሜራ ተሰቅሏል። ምስሉ የሚቀመጠው ክንዱ ይጠብቃቸው በነበሩት ሦስት ሰርቨሮች፣ ሣጥን በሚመስሉ ትልልቅ ኮምፒውተሮች ውስጥ ነው። ከሦስቱ መካከለኛው ግን ተነቅሎ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ተጥሏል። የሰርቨሮቹ ክፍል ቁልፍ ያላቸው ሥራ አስኪያጁ አቶ እጅጉ፣ የመጋዘን ኃላፊው እንዳለውና የክንዱ ረዳት ያምሮት ናቸው። የከተማው ፖሊስ ያምሮትን በካቴና አስሯታል።

«ማሽን መንቀል የምታውቅ እሷ ናት» አሉ አቶ እጅጉ። «ምስሉም አብሮ ጠፋ፤ ምን ይደረግ!»

ቂርቆስ ወደ ያምሮት ዞረ። «እውነት ጠፍቷል?»

«አልጠፋም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ኧረ ማን ጠየቀኝ ጌታው? ከማሰር በቀር!»

«እሽ፣ እኔ ጠየቅሁሽ።»

«የካሜራውን ምስል የሚመዘግበው ኮምፒውተር የራሱ አካል የለውም፤ በሦስቱ ሣጥኖች ላይ በሶፍትዌር የተሠራ ነው። ምስሉ ተቆራርጦ ለሦስቱም ይበተናል። እያንዳንዷ ቁራጭ ደግሞ በሁለት ሣጥን ትቀመጣለች። አንዱ ቢጠፋ የቀሩት ሁለቱ ሙሉውን ይዘዋል።»

ቂርቆስ እንዳለውን ጠየቀው። «አንተስ እዚያ ክፍል ገብተሃል?»

«ቁልፉን ለአደጋ ጊዜ ሰጡኝ እንጂ ረግጬው አላውቅም። የልምድ ልውውጥ እንግዶች ሲጎበኙት እንኳ እኔ ሽንዲ ነበርሁ።»

«እንግዶቹ ምን አዩ?»

ያምሮት መራራ ሳቅ ሳቀች። «አቶ እጅጉ እንዲያምርላቸው ብለው በየሣጥኑ ወረቀት አስለጠፉብን። ግራው ‹ሒሳብ›፣ መካከለኛው ‹ካሜራ›፣ ቀኙ ‹እህል›። ውሸት ነው ብንላቸው ‹እንግዳ ይኼን ሁሉ ምን ያደርግለታል› አሉን። እንግዶቹ እንደሄዱ ክንዱ ገነጣጥሎ ጣለው።»

ቂርቆስ ሦስቱንም ባለቁልፎች በተነቀለው ሣጥን ባዶ ቦታ ፊት ሰበሰባቸው።

«ያምሮት ብትሆን አንዱን ብቻ መንቀል ከንቱ ድካም መሆኑን ታውቃለች። እንዳለው ቢሆን ሣጥኖቹ አንድ መልክ ናቸው፤ የቱ የካሜራው እንደሆነ ምን ነገረው? ከነቀለ ሦስቱንም ይነቅላል። መካከለኛውን ለይቶ የነቀለ ሰው የተቀደደውን ወረቀት ያስታወሰ፣ ያመነውም ነው። አቶ እጅጉ፣ ለእንግዳ ያዘጋጁትን ውሸት እርስዎው አመኑት።»

«ይኼ ግምት ነው! ማስረጃ አለህ?»

ቂርቆስ የያምሮትን ካቴና ፈታ። «አሳዪን ልጄ።»

ያምሮት የቀሩትን ሁለት ሣጥኖች አስነሣች። ከዚያ መጋዘኑ በስክሪኑ ላይ መጣ። አቶ እጅጉ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሻጋታውን ወደ ንጹሑ በአካፋ ይዝቃሉ። ክንዱ ገብቶ አካፋውን ይቀማቸዋል፤ ጆንያውን እየጠቆመ ይጮኻል። ጀርባውን እንዳዞረ የሚዛኑ ብረት ከፍ አለ። ያምሮት ፊቷን ሸፈነች።

ቂርቆስ እስከ መጨረሻው አየው። ከዚያ በአቶ እጅጉ ጥፍር ሥር የቀረውን አረንጓዴ ዱቄት ተመልክቶ መሀረቡን መልሶ አፍንጫው ላይ ያዘ።

«እጅህን አምጣ» አለው፤ ካቴናውን ሲያጠልቅለትም ገላውን ላለመንካት ተጠነቀቀ።