መሰላሉን ማን አቆመው?

ሽማግሌው ፕዮ ዶንግሱ ካኪ ከሚባለው የፍራፍሬ ዛፍ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው ሞተው ተገኙ። በመንደሩ ልማድ፣ ፍሬው ተለቅሞ ሲያልቅ ጫፉ ላይ ለወፎች የሚቀረውን መርጦ የሚተወው የቤቱ ትልቅ ሰው ነው፤ መሰላሉን የሚያቆምለት ደግሞ ልጁ። ሽማግሌው ሁለት ልጆች ነበሯቸው።

መርማሪ ናም ሚዮንግጃ ስትደርስ ወንዱ ልጅ ጊሁን እጁን ለካቴና አዘጋጅቶ ጠበቃት። ጠዋት ከአባቱ ጋር «ዛፎቹን እንሽጥ፣ አንሸጥም» ሲጨቃጨቁ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል።

«መሰላሉን ያቆምኩት እኔ ነኝ» አላት።

«የትኛው ቅርንጫፍ ላይ?»

«ወፍራሙ ላይ ነዋ!»

«የተሰበረው እኮ ከፊቱ ያለው ቀጭኑ ነው።»

ጊሁን መዋሸት አይችልበትም፣ ምስኪን።

ናም መሬቱን አየች። የመሰላሉ እግሮች እርጥቡን አፈር ደጋግመው ወግተውታል፤ ያቆመው ሰው ርቀቱ አልመጠን ብሎት ሲያስጠጋና ሲያርቅ ቆይቷል። በዚህ መሃል የጊሁን እህት ሶራን የገብስ ሻይ ይዛ ወደ ግቢው ወጣች። ፀሐይ ሲያገኛት አንድ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሻዩንም ከስኒው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ቀዳችው።

ናም የሟቹን ሚስትና ሁለቱን ልጆች በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ሶራን፣ ዓይንሽ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ያውቃል?»

«ልጅ ሆኜ። ወደ ውጭ ይሸሽ ነበር። ተስተካክሏል።»

«ተስተካክሎ ነበር። ከዓመታት በኋላ ቀስ እያለ የሚመለስበት ሰው አለ፤ ያንቺም ተመልሷል። ሁለቱ ዓይኖች አብረው ካላዩ፣ የቱ ቅርንጫፍ ከፊት የቱ ከኋላ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ወፍራሙን ያገኘሽ መስሎሽ ቀጭኑ ላይ አስደገፍሽው። እሱ ደግሞ አባትሽን አልቻለም። ወንድምሽ ይህ ስለገባው ጥፋቱን በራሱ ላይ አደረገ። ግድያ የለም፤ አደጋ ነው።»

ሶራን ተንሰቀሰቀች።

«አባዬ እንዳያዝን ብዬ ነው የደበቅኩት! ዓይኔ ቀና ያለ ቀን ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ላይ በደስታ አልቅሶ ነበር። እንዴት አድርጌ ተመለሰብኝ ልበለው?»

እናትየው ቀና አለች።

«አባትሽ እኮ ያውቅ ነበር፣ ልጄ። ‹እንዳወቅኩ እንዳትነግሪያት፣ ትሳቀቃለች› ብሎ አፌን ዘጋኝ። ዛሬም ‹ጊሁን ያቁመው› ስለው፣ ‹ሶራኔ አቁማልኛለች› ብሎኝ ወጣ።»

«እያወቀ ነው የወጣው?»

እናትየው አንገቷን ደፋች። ሶራን ወደ ዛፉ ሮጠች፤ ደረቷን እየደቃች፣ ሽቅብ እያየች ጮኸች።

«አባዬ፣ ውረድ! አባዬ፣ ውረድልኝ!»