እማዬ ሳትነዳው አይገዛም

«ያዙ! ያዙ! ያዙ!» አለ ጋሽ ተስፋሁን፤ ነጩ መኪና አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ዳገቱን ሲወጣ።

ሩሀማ የኋላ ወንበር ላይ ተንሸራታ እናቷ ላይ ተደፋች። ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከጎማው ሥር የሚፈናጠረው ቀይ ጭቃ መስኮቱን ሸፍኖታል። ሞተሩ ያጓራል። አጎቷ መሪውን በሁለት እጁ አንቆ እንደ ትንሽ ልጅ ይጮኻል። ከጎኑ የተቀመጠው ሻጩ፣ አቶ በዛብህ፣ ጣሪያው ላይ ያለውን መያዣ እንደጨበጠ «ገና ግማሽ ጉልበቱን እንኳ አላወጣም እኮ!» ይላል።

ዳገቱ አናት ላይ ሲደርሱ ጋሽ ተስፋሁን ፍሬን ያዘና ወደ ኋላ ዞረ። ግንባሩ በላብ ወርዝቷል።

«አየሽ ተሾመች? ይሄ መኪና አይደለም። ይሄ ወንድ ነው!»

የሩሀማ እናት ተሾመች ፈገግ አለች።

ሩሀማ መስኮቱን ከፍታ በስልኳ የመኪናውን ረጅም ኮፈንና ከታች በጭጋግ መሐል ብቅ ጥልቅ የሚሉትን የቦንጋ ቆርቆሮ ጣሪያዎች አንድ ላይ አነሳች። ፎቶውን ለክፍል ጓደኛዋ ለኤሊ ላከችላት። መልሱ ወዲያው መጣ። «አቦ! የናንተ ነው? ሰኞ በሱ ነው የምትመጪው?»

ሩሀማ «አዎ» ብላ ጻፈች። ገና እንዳልተገዛ አልጻፈችም።

መኪናው የሚገዛው ለእናቷ ሥራ ነበር። ተሾመች ከደካና ከቢታ ገነት ገጠሮች ማርና ኮረሪማ ሰብስባ ቦንጋ አምጥታ ትሸጣለች። ለዚህም ዓመታት ሙሉ የሰው መኪና ስትለምን ኖራለች። ባለፈው ክረምት አንድ ሾፌር ደካ መንገድ ላይ «ከዚህ በኋላ አያስኬድም» ብሎ ማሯን በዝናብ አወረደና እሷንም ከማሯ ጋር ትቷት ተመለሰ። ቤቷ የገባችው በማግስቱ ነው። አላለቀሰችም፤ አልተሳደበችም። ልብሷን ቀይራ በቀጥታ መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ሄዳ ተመዘገበች። ፈተናውን አልፋ ፈቃዷን ስትይዝ ሰፈሩ ሁሉ ጉድ አለ።

ጋሽ ተስፋሁን ታላቅ ወንድሟ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ በቅርቡ ነው ያቆመው። ለሩሀማ ደግሞ ከአጎትም በላይ ነው። አባቷ ሲሞት እሷ ገና አፏን አልፈታችም ነበር። ትምህርት ቤት ያስመዘገባት፣ ስትታመም በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው። ስለዚህ እናቷ መኪና ልትገዛ እንደሆነ ስትነግረው «እኔ እያለሁ!» ብሎ ተነሳ። ሌላ ሰው ይመርጣል ብሎ ያሰበ በቤቱ ውስጥ አልነበረም።

ወደ በዛብህ ግቢ ተመልሰው ሁለተኛዋን መኪና አወጡ። ግራጫ ናት። ከነጩ አጠር፣ ዝቅ ትላለች፤ ቀለሟም ደብዝዟል። ጋሽ ተስፋሁን ገና ሲገባ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተጋጨ።

«ይቺን ደግሞ ለማን ነው የሠሯት?» እያለ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፋው።

በዚያው ዳገት ነዳት። ግራጫዋ አልዘለለችም፤ አላጓራችም። እንደ በቅሎ ዝም ብላ ወጣች። ጋሽ ተስፋሁን አናቱ ላይ ለአፍታም ሳይቆም አዙሮ መለሳት።

«ደህና ናት» አለ በግድ። «ግን ከነጩ ጋር በአንድ አፍ አትጠራም።»

«ጋሼ» አለች ተሾመች ከኋላ፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «እኔም ትንሽ ብሞክራቸውስ?»

«ከገዛን በኋላ እስኪሰለችሽ ትነጂ የለ እንዴ! አሁን ጭቃ ነው። መኪናውም ገና የሰው ነው።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለች ተሾመች።

ሩሀማ ወደ እናቷ እግር አየች። እናቷ ዛሬ ሸራ ጫማ አድርጋለች። ጠዋት ከቤት ሲወጡ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብላ ማሰሪያውን ፈትታ እንደገና አጥብቃ ስታስር አይታት ነበር። ያኔ ለጭቃው መስሏት ነበር። አሁን ገባት፤ እናቷ ለመንዳት ተዘጋጅታ ነው የመጣችው። ጠዋቱን ሙሉ ግን አንድም ሰው «ነይ ግቢ» አላላትም። እሷ፣ ሩሀማ ራሷ እንኳ ፎቶ ስታነሳ ነበር።

ግቢው እንደደረሱ ወንዶቹ ነጩን መኪና ከበው ቆሙ። በዛብህ ቁልፉን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠ።

«ጋሽ ተስፋሁን፣ ልደብቅዎት አልፈልግም። ከሰዓት ከሚዛን የሚመጣ ሰው አለ። እሱ ካየው የሚተወው አይመስለኝም።»

«እኛ ጨርሰናል» አለ ጋሽ ተስፋሁን፤ ሊጨባበጥ እጁን እየዘረጋ።

ሩሀማ እግሯ መቼ እንደተንቀሳቀሰ አላወቀችም። በሁለቱ መሐል ገብታ ቁልፉን ከኮፈኑ ላይ አነሳችና ከጀርባዋ ደበቀችው።

«እማዬ ሳትነዳው አይገዛም።»

በዛብህ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ጋሽ ተስፋሁን አልሳቀም።

«ቁልፉን አምጪ።»

«አልሰጥም ጋሼ። የምትነዳው እሷ ናት። እርስዎ ነድተው እሷ እንዴት ትገዛለች?»

«አንቺ ልጅ! ትልቅ ሰው ሲነጋገር መሐል መግባትን ከየት ተማርሽው?» ሲናደድ እንደሚያደርገው በአፍ መፍቻ ቋንቋው በካፊኖኖ ቀጠለ፤ ቃላቱ ተከታትለው ወረዱባት። ሩሀማ አንድ በአንድ ገብተዋታል። ፊቷ ነደደ፤ ጆሮዋ ጮኸ። ቁልፉ ግን ከመዳፏ አልወጣም።

«ሩሀማ» አለች እናቷ። «ወዲህ በይው።»

ሩሀማ ተስፋ ቆረጠች። እናቷ ለአጎቷ ልትመልስለት ነው። ቁልፉን እያቅማማች ሰጠቻት። ተሾመች ተቀበለችና ማንንም ሳታይ ወደ ነጩ መኪና ሄዳ የሾፌሩን በር ከፈተች።

ለመግባት የበሩን ጠርዝ ይዛ መንጠላጠል ነበረባት። ወንበሩን ወደ ፊት ሳበችው፤ እንደገና ሳበችው፤ ከዚያ በላይ አልሄድ አለ። ጋሽ ተስፋሁን ከጎኗ፣ ሩሀማና በዛብህ ከኋላ ተቀመጡ። ሩሀማ በወንበሮቹ መሐል አጮልቃ አየች። እናቷ ፍሪሲዮኑን የምትረግጠው በእግሯ ጣቶች ጫፍ ነው። መንገዱን የምታየውም አገጯን ቀና አድርጋ ነው።

ሜዳው ላይ ደህና ሄደች። ዳገቱ መሐል ማርሽ ለመቀየር ስትሞክር ግን እግሯ ከፍሪሲዮኑ ላይ አመለጠ። ሞተሩ ጠፋ። ነጩ መኪና ለአፍታ እንደ ማሰብ አለና ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ።

«ፍሬን!» ብሎ ጮኸ ጋሽ ተስፋሁን። የእጅ ፍሬኑን በኃይል ሳበው። መኪናው ቦዩ አፋፍ ላይ ቆመ።

መንገድ ዳር ሞተር ሳይክላቸውን አቁመው ከዝናብ የተጠለሉ ወጣቶች ሳቁ። አንደኛው «እትዬ፣ ተዪው ለባለቤቱ!» ብሎ ጮኸ። የባሰ ሳቁ።

ተሾመች ወርዳ ቦታዋን ለወንድሟ ለቀቀች። ተመልሰው ሲወርዱ ሩሀማ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ይህን ያመጣችው እሷ ናት። ዝም ብትል ኖሮ እናቷን ማንም አይስቅባትም ነበር፤ ነጩም ይገዛ ነበር፤ ሰኞም በእሱ ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር። አሁንም ቢሆን አልረፈደም። አፏን መዝጋት ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

ግቢው ውስጥ ሲወርዱ ጋሽ ተስፋሁን ወደ እሷ ዞረ። «አሁን ልብሽ ደረሰ?»

«ፍሪሲዮኑ ላይ እግሯ አይደርስም፣ ጋሼ።»

«ይለመዳል።»

«እግር በልምድ ይረዝማል እንዴ?»

በዛብህ ሳቁን በሳል ሸፈነው። የጋሽ ተስፋሁን የአንገት ሥር በንዴት ተገተረ።

«ተይ ሩሀማ። በቃ» አለች ተሾመች፤ ድምፅዋ ተሰባብሮ።

«አልተውም እማዬ። አንዷ ቀርታለች።» ሩሀማ ሄዳ የግራጫዋን በር ከፈተች። አጎቷ ወደ ኋላ የገፋውን ወንበር በሁለት እጇ ታግላ ወደ ፊት መለሰችው። በሩን እንደያዘች ቆመች። እንባዋ መጥቶ ነበር፤ እንዳይወርድ ዓይኗን ሳታርገበግብ ተናገረች። «ደካ መንገድ ላይ ጥሎሽ የተመለሰው ሾፌር እግሩ ረጅም ነበር። ነይ ግቢ።»

ተሾመች ልጇን አየቻት። ከዚያ የሸራ ጫማዋን ጭቃ የመኪናዋ መርገጫ ላይ ጠርጋ ገባች፤ በዛብህ ከጎኗ፣ ሩሀማ ከኋላ ተቀመጡ።

«እኔ የለሁበትም» አለ ጋሽ ተስፋሁን። ከግቢው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እጁን አጣጥፎ ቀረ።

ዳገቱ አሁን ይበልጥ ተበላሽቷል። የነጩ ጎማ ያረሰው ጭቃ ውኃ ቋጥሯል። ወጣቶቹ አሁንም እዚያው ናቸው፤ ግራጫዋን ሲያዩ ሊስቁ ተዘጋጅተው ተነሱ። ተሾመች ቀና ብላ እንኳ አላየቻቸውም። መሐሉ ላይ ሲደርሱ የኋላው ጎማ ተንሸራተተ፤ መኪናዋ ጎኗን ወደ ቦዩ ሰጠች።

«አቁሚ፣ አቁሚ! እኔ ላውጣት!» አለ በዛብህ።

ተሾመች አቆመች። ከመሪዋ ግን አልተነሳችም። ወደ ውስጥ ተነፈሰች። ፍሪሲዮኑን በሙሉ እግሯ እስከ ወለሉ ረገጠችና አራቱም ጎማ እንዲስብ የምታደርገውን አጭሯን ዘንግ ጎትታ አስገባች። ቀስ ብላ ለቀቀች። ጎማዎቹ አንድ ዙር በባዶ ዞሩና መሬቱን ነከሱ። ግራጫዋ ራሷን አስተካክላ፣ ሳትቸኩል፣ የሞላ የማር እንስራ እንደተሸከመ ሰው እየተጠነቀቀች አናቱ ላይ ወጣች።

ሩሀማ ልትጮኽ አፏን ከፍታ ነበር። የእናቷን ፊት ስታይ ተወችው። ተሾመች ወደ ፊት እያየች ነበር።

«መንገዱ እስከ ኮፈኑ ጫፍ ድረስ ይታየኛል» አለች፤ ለራሷ እንደምትናገር። ቀጥላም «አቶ በዛብህ፣ ልድገመው» አለች።

ወርዳ ደገመችው። በሁለተኛው ወጣቶቹ አልሳቁም፤ ከመሐላቸው አንዱ እጁን አነሳላት።

ግቢው ሲመለሱ ጋሽ ተስፋሁን የለም። ዘበኛው በእግሩ እንደሄደ ነገራቸው።

«ግራጫዋን ነው የምወስደው» አለች ተሾመች። «ወንድሜን ቤቱ ላድርስና ተመልሼ እንፈራረም።»

በዛብህ የነጩን መኪና ቁልፍ ኪሱ እየከተተ «ውሰጃት እትዬ፤ ካንቺ ምን እሰጋለሁ» አለ።

ሩሀማ ከእናቷ ጎን ፊት ለፊት ተቀመጠች። ጋሽ ተስፋሁንን ከተማው መግቢያ ሳይደርስ አገኙት። ኮቱን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ በካፊያው ውስጥ ይሄዳል። ተሾመች አጠገቡ ቀስ አለች። ዞርም አላለ። ሩሀማ በሩን ከፍታ ወረደችና አብራው መራመድ ጀመረች። ግራጫዋ ከኋላቸው በእርምጃቸው ልክ ትከተላለች።

«ጋሼ።»

እርምጃውን አፈጠነ።

«ቁልፉን በመደበቄ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እማዬ ትንዳ በማለቴ ግን ይቅርታ አልጠይቅም።»

ጋሽ ተስፋሁን ቆመ። ዝናቡ በአፍንጫው ላይ ይወርዳል። በአንድ ጊዜ ያረጀ መሰላት።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

«እማዬም ሰው ፊት ተስቆባታል። ግን ተመልሳ ገባች።»

እንደገና መራመድ ጀመረ፤ እሷም ተከተለችው። ሌላ የምትለው ነገር ነበራት፤ ብዙ ነበራት። ዋጠችው። ልብሷ በስብሶ ገላዋ ላይ ተጣበቀ።

ትንሽ እንደሄዱ ለእናቷ እጇን አውለብልባ አስቆመቻትና ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ወደ ከተማው ፊት ለፊት ተቀምጣ ለመግባት ልቧ ቋምጦ ነበር። የፊቱን በር ከፈተች። አልገባችም። በሩን እንደተከፈተ ተወችውና ከኋላ ገብታ ተቀመጠች። ተሾመች በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። መኪናዋንም አላንቀሳቀሰችም።

ካፊያው ባዶው ወንበር ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ጋሽ ተስፋሁን ጥቂት እርምጃ አለፈ። ቆመ። ዞሮ አየ።

«ወንበሩ ራሰ እኮ» አለ ተቆጥቶ፤ ተመልሶም ገባና በሩን በኃይል ዘጋው። ጉልበቱ ከፊቱ ካለው ሳጥን ጋር ተጋጨ። ተነጫነጨ። ከዚያ ቀና ሲል መሐል ያለው መስታወት ወደ ታች አዘንብሎ አየውና እንደ ልማዱ ሊያቃናው እጁን ሰደደ።

«ተወው ጋሼ» አለች ተሾመች። «ለእኔ ነው የተስተካከለው።»

እጁ ትንሽ ጊዜ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ጉልበቱ ላይ አሳረፈው። ተሾመች ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረገጠች፤ ማርሽ አስገባች፤ ሄዱ።