የተፋቀው መስመር

ዘርፈሽ በማለዳ ግቢዋን ጠረገች፤ ሻይ አፍልታ የባሏን ድርሻ በፔርሙዝ አስቀረችለት። ጉደታ ጎህ ሲቀድ ብሩሹንና ካሜራውን ይዞ ወጥቷል። የወለጋን የመታሰቢያ ድንጋዮች ፎቶ እያነሳ፣ ጽሑፋቸውን እየገለበጠ ለሕዝብ ኢንተርኔት ላይ የሚያኖር ሰው ነበር። ረፋድ ላይ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ ከአሮጌው ትምህርት ቤት ሐውልት ሥር ሞቶ ተገኘ።

ኢንስፔክተር ዱረቲ ድንጋዩን አየች። ድንጋዩ ላይ የበቀለው ሽበት በብሩሽ ጸድቷል፤ የመጨረሻው መስመር ግን በመዶሻ ተፍቋል። ብናኙ የሟቹ ደረት ላይ ነበር፤ መስመሩ የተፋቀው ጉደታ ከወደቀ በኋላ ነው። ካሜራው የለም። ጽሑፉ ያን ጠዋት ከጉደታ ስልክ ተለጥፏል፣ መጨረሻው ተቆርጦ።

አብረውት የሚሠሩ፣ በዚያ ስልክ ከፍተው መለጠፍ የሚችሉ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሹፌራቸው ገቢሳ ድንጋዩ የሱቁን በር ስለከለለበት ይነሳልኝ ይል ነበር።

«ብያለሁ። ግን እኔ በድምፅ እልካለሁ እንጂ መቼ ጽፌ አውቃለሁ?»

ተርጓሚዋ ሊሊሴ ከጉደታ ጋር ተጣልታ ነበር።

«የአማርኛውን አጻጻፍ ለኔ አትበይ፤ በቁቤ፣ በላቲን ፊደል ነው የተማርኩት። ሀም ሐም በርጩማ ነው የሚመስሉኝ።»

ጡረተኛው የአማርኛ መምህር ነገራ ተቆጣ። «የትምህርት ቤቱን መሬት የሰጠው አባቴ ነው፤ ከተማው ያውቃል። ሐውልቱን ለምን እሰብራለሁ?»

ከቀብሩ ማግስት ዱረቲ ሁሉንም ዘርፈሽ ሳሎን ሰበሰበች። የተለጠፈውን ጽሑፍ ከፍታ ስልኩን ለነገራ ሰጠችው።

«ኦቦ ነገራ፣ እስቲ እዚህ ላይ ስህተት አለ?»

«የለም። ሐውልት በሐመሩ ሐ፤ ደግ ተጽፏል።»

«ድንጋዩስ?»

«ድንጋዩማ በሀሌታው ሀ አበላሽቶታል።»

«አዴ ዘርፈሽ፣ ጉደታ እንዲህ ያለውን ያርም ነበር?»

«በጭራሽ። ‹ድንጋዩ እንዳለው ጻፍ› ነበር የሚለው።»

«እንግዲያው የለጠፈው ጉደታ አይደለም» አለች ዱረቲ። «ገቢሳ አይጽፍም። ሊሊሴ ሁለቱን ፊደሎች አትለይም። ሳያርም ማለፍ የማይችል አንድ ሰው ቀረ። መስመሩን የፋቀው፣ መስመር እንዳልነበረ አስመስሎ የለጠፈው እሱ ነው።»

ነገራ መዳፉን አየ። «እጄ ለምዶ... መሬቱን የሰጠችው አንዲት ሴት ናት። ሽበቱ ሲነሳ ስሟ ወጣ። ‹ዛሬውኑ ይለጠፋል› አለኝ። ገፋሁት፤ ድንጋዩ ጭንቅላቱን መታው። ካሜራውን ወንዝ ጣልኩት።»

«ስሟ ማን ነበር?» አለች ዘርፈሽ በቀስታ።

«አንዴ ነው ያየሁት፤ እሱ ሲወድቅ መዶሻ ፍለጋ ሮጥኩ። ስሟን በቃሌ አልያዝኩትም።»

ሊሊሴ ኢንተርኔት ላይ የድንጋዩን ገጽ ከፍታ አንድ መስመር አከለች፦ የመሬት ሰጪዋ ስም ጠፍቷል።