የማይታዩት ሠላሳ ስምንት ሰነዶች

ፀዳለ ደምሴ ቅዳሜ ከሰዓትን ትወደው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በደብረ ብርሃን አንድ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ የሰው ፋይል ስታወጣና ስትመልስ ትሰነብታለች። ቅዳሜ ግን ምሳ ከተነሣ በኋላ የሟች እናቷ መኝታ ቤት ትገባና በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ከአልጋው ሥር አንዱን ካርቶን ጎትታ፣ ወረቀቱን አንድ በአንድ እያራገፈች፣ ሳታነበው ስካነሩ ላይ ታስተኛዋለች። ማሽኑ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ ያጉረመርማል፤ ነጩ ብርሃን ከክዳኑ ሥር ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፤ ከጓዳው ደግሞ ወረቀቱን የሚያነበው ፕሮግራም ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር ማራገቢያ የተኛ ሰው ትንፋሽ በሚመስል ድምፅ ያለማቋረጥ ይነፍሳል።

ፕሮግራሙን የሠራው ታላቅ ወንድሟ ኅሩይ ነው። ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምራል፤ ከሚስቱ ከሙሉእመቤትና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር የሚኖረውም እዚሁ፣ ፀዳለ ካለችበት የወላጆቻቸው ቤት ነው። እናታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ባረፉ በሳምንቱ ፀዳለ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አነባለሁ ብላ ስትነሣ፣ "ዓይንሽን አትጉጂ" አላት። "ገጹን ብቻ አሳዪው፣ እሱ ያነብልሻል። ስም፣ ቀን፣ ዓይነት እየለየ ያስቀምጥልሻል። ኢንተርኔት ላይም አይወጣም፤ የቤታችን ገመና ከአጥራችን አያልፍም።" የእናታቸውን እንደ ጉንዳን የተርመሰመሰ ጽሕፈት እንዲያነብ ወር ሙሉ ተቀምጦ አስተማረው። ስሙንም "ሰንዱቅ" አለው። ፀዳለ አግብታ አታውቅም፤ በዚህ ዓለም ላይ ከኅሩይ ሌላ የኔ የምትለው ሰው አልነበራትምና፣ ይህን ሁሉ የደከመው ለእሷ ብሎ መሆኑን ስታስብ ዓይኗ እንባ ያቀርር ነበር።

የመጀመሪያው እንግዳ ነገር የመጣው ፎቶግራፎቹ ላይ ሲደርሱ ነው። ሰንዱቅ ፊት ይለያል፤ የአንድን ሰው ፎቶዎች ከሕፃንነቱ እስከ እርጅናው ባንድ ላይ ይሰበስባል። ኅሩይን ከክርስትናው ቀን ጀምሮ አውቆታል። የፀዳለን ግን ሁለት ቦታ ከፈለው። ከሰባት ዓመቷ ወዲህ ያለችውን ፀዳለ አላት። ከዚያ በፊት ያለችውን፣ በአባቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ የምትስቀውን ሕፃን ለብቻዋ አስቀምጦ፣ ከሥሯ "ይህች ማን ናት?" ብሎ ጠየቀ።

"ወንድም ጋሼ፣ ይኼ ነገርህ እኔን አላወቀኝም" አለችው እየሳቀች።

ኅሩይ ጎንበስ ብሎ አየ። አልሳቀም። "ልጅ ይለዋወጣል" አለ።

"አንተንስ እንዴት አወቀህ?"

"እኔ ያው ነኛ" አለና ካርቶኑን አንሥቶ ወጣ። ስካን የተደረገውን ወረቀት አይጥ እንዳይበላው እያለ ቅዳሜ ማታ ማታ ራሱ ይወስደው ነበር፤ የት እንደሚያኖረው ጠይቃው አታውቅም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያቺ የምትስቅ ሕፃን ከሰንዱቅ ውስጥ አልነበረችም።

ይህንንም ትረሳው ነበር፤ ቁጥሩ ባይኖር። በገጹ ግርጌ፣ ዓይን ውስጥ በማይገባ ደቃቅ ጽሕፈት፣ ጠቅላላው የሰነድ ብዛት ይጻፋል። ሃያ ዓመት መዝገብ ስትቆጥር የኖረች ሴት ግን ቁጥር አይታ አታልፍም። ግርጌው ስምንት መቶ አርባ ይላል፤ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ስትቆጥረው ስምንት መቶ ሁለት ነው። ደግማ ቆጠረች። ሠላሳ ስምንት ሰነድ ሰንዱቅ ውስጥ አለ፣ እሷ ግን አታየውም።

እራት ላይ ስትጠይቀው ኅሩይ ጉርሻውን በአየር ላይ አቆመ። "የፕሮግራም ስህተት ነው፤ አስተካክለዋለሁ" አለ። ሙሉእመቤት ቀና ሳትል የልጆቿን ወንበር በእግሯ ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። የዚያን ዕለት ፀዳለ ለመኝታ በኮሪደሩ ስታልፍ፣ የልጆቹ ክፍል መቀርቀሪያ ከውስጥ ቀጭ ሲል ሰማች። ድምፁን በየቀኑ ትሰማው ነበር፤ ለምን እንደሚቀረቀር ራሷን የጠየቀችው ግን ገና ያን ቀን ነው።

በሐምሌ ሁለተኛው ቅዳሜ ኅሩይ የሥራ ባልደረባው አባት ለቅሶ ሄደ። ሰማዩ ከቀትር ጀምሮ ጠቁሮ ነበር፤ ጉሙ እስከ መስኮቱ ድረስ ወርዶ የግቢውን ጽድ ዋጠው፤ በስምንት ሰዓት ክፍሉ እንደ መሸ ሁሉ ጨለመ። ከመጨረሻው ካርቶን የእርጥብ አፈር ሽታ ይወጣ ነበር፤ የሻገተ ወረቀት ሽታ ሳይሆን አሁን የተቆፈረ፣ ሥሩ የተበጠሰ አፈር። ፀዳለ ካርቶኑን ትታ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች። ሰንዱቅ ማስታወሻም ይቀበላል። እንግዲያው፣ አለች በልቧ፣ የሚደብቀው ምን እንደሆነ ራሱ ይንገረኝ።

"እማዬ" ብላ ጻፈች። ማስታወሻው ዝርዝሩ ውስጥ ገባ፤ ግርጌው ላይ ቁጥሩ በአንድ ጨመረ። "ኅሩይ" አለች። ገባ። "ፀዳለ" አለች። ገባ። "ፀዳለ ታመመች" አለች። ይህም ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። እጇ ለምን እንደቀዘቀዘ ሳታውቅ፣ "ፀዳለ ሞተች" ብላ ጻፈች።

ግርጌው ላይ ቁጥሩ በአንድ ጨመረ። ዝርዝሩ ውስጥ ግን ምንም አልገባም።

መጀመሪያ የተሰማት ፍርሃት አልነበረም፤ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ሲሰነጠቅ ነው የተሰማት። ይህ ስህተት አይደለም። ሰው ተቀምጦ፣ አስቦ፣ ስሟን በእጁ ጽፎ፣ ከእሷ ብቻ እንዲሰወር ያደረገው ነው። ዓይንሽን አትጉጂ ያላት ለዚህ ኖሯል።

ሙሉእመቤትን ወጥ ቤት አገኘቻት።

"የኅሩይን ሰንዱቅ ክፈቺልኝ። የይለፍ ቃሉን እንደምታውቂው አውቃለሁ።"

ሙሉእመቤት እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች። "እትዬ ፀዳለ፣ ይቅርብሽ። እሱ ይምጣ።"

"ክፈቺልኝ አልኩሽ።"

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ሙሉእመቤት ግን ጀርባዋን ከግድግዳው ሳታላቅቅ በጎኗ አልፋ ሄደች፤ ቃሉን አስገባች፤ ቀና ብላ ፀዳለን ሳታይ ወጣች። በኮሪደሩ ስትሄድ መጀመሪያ በርምጃ፣ ከዚያ በሩጫ ነበር።

ሠላሳ ዘጠኝ ሆነው ተደርድረው ታዩ፤ የመጨረሻዋ አሁን ራሷ የጻፈቻት ናት። የመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያን የቀብር ወረቀት ነው፤ ማኅተሙ ደብዝዟል፣ ስሙ ግን ጎልቶ ይነበባል። ሕፃን ፀዳለ ደምሴ፣ ዕድሜ ስድስት ዓመት፣ ሰኔ 20 ቀን 1977። ከሥሩ የእናቷ ደብተር ቅጠሎች ነበሩ።

"ልጄን ዛሬ ቀበርኳት። የለበሰችው ያን አበባ ያለበትን ነው።"

"ሐምሌ 30። አርባዋን ትናንት አወጣን። ዛሬ ማታ በዚያ ዝናብ በር ተንኳኳ። የከፈትኩት እኔ ነኝ። ልብሷ ደረቅ ነበር።"

"ደምሴ ዝም በይ አለኝ። በስሟ ጠራት፣ አቤት አለችው። አቅፎ አስገባት። ኅሩይ ግን አይቷት ጮኸ፤ ፀዱ እኮ አይደለችም አለ። አባቱ መታው።"

"አንድ ባሕታዊ ዘንድ ወሰድናት፤ እንዲህ አሉን። እስካላወቀች ድረስ ልጃችሁ ናት፣ አሳድጓት። ያወቀች ቀን ምን እንደምትሆን እኔም አላውቅም።"

ፀዳለ ከሁሉም ቀድሞ የምታስታውሰውን ነገር ለማሰብ ሞከረች፤ የአባቷን ጉልበት፣ የአበባውን ቀሚስ፣ አንድ ነገር። አንድ ብቻ አገኘች። ዝናብ፣ ሰማያዊ በር፣ ከበሩ ወዲያ የምታለቅስ ሴት። ያንን በር ዕድሜዋን ሁሉ ስታስበው፣ ከውጪ ቆማ ነበር የምታየው።

የኅሩይ ማስታወሻ ከእሷዋ በፊት ነበር፤ የተጻፈው ሰነዶቹን ከመቁጠሯ በፊት ባለው ቅዳሜ ነው። "ሰንዱቅ ዛሬም ሦስት ወረቀት ያዘልኝ፤ አላየችም። ካርቶኖቹ ሲያልቁ ሁሉንም አቃጥዬ እገላገላለሁ። እህቴን አብሬያት የኖርኩት ስድስት ዓመት ነው፤ ይቺን ሠላሳ ዘጠኝ። እወዳታለሁ ማለት እችላለሁ። ልጆቼን ግን ለአንዲት ሰዓት እንኳ ለብቻቸው ከእሷ ጋር ትቻቸው አላውቅም።"

መብራት ጠፋ። ጓዳ ያለው የኮምፒውተሩ መጠባበቂያ ባትሪ ሦስት ጊዜ ጮኸና ዝም አለ፤ ማራገቢያው እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ቆመ። ያ ትንፋሽ የሚመስል ድምፅ ሲቋረጥ፣ በቤቱ ውስጥ ሌላ የሚተነፍስ እንደሌለ ታወቃት። ልጆቹ የሉም። ሙሉእመቤት የለችም። የግቢው በር በነፋስ እየተከፈተ እየተዘጋ ይማታል።

አላለቀሰችም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጨለማው ውስጥ ተቀመጠች። ሞቼ ኖሯል ብላ አልነበረም ያዘነችው። ምሳ ያጎርሳት የነበረው እጅ፣ ስትታመም ግንባሯን ይዳስስ የነበረው እጅ፣ ማታ ማታ የሚጽፈው ይህን ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሲወዳት ሳይሆን ሲጠብቃት፣ ሲጠነቀቃት ኖሯል። ይህ ሐሳብ ከውስጧ ወደ ታች ወረደ፤ ወረደ፤ ማለቂያ በሌለው ጉድጓድ ውስጥ እንደ ተጣለ ድንጋይ፣ መሬት ሲነካ ሳይሰማ ቀረ።

ኅሩይ እየሮጠ መጣ። እርምጃው በረንዳው ላይ ሲደርስ ቆመ። በሩ ክፍት ነበር፤ አልገባም። ከውጪ የእርጥብ ካፖርቱ ጠረን፣ የላቡም ጠረን፣ ከዚህ በፊት አሽትታ በማታውቀው ጥራት እየለየ ይመጣላት ነበር።

"ፀዱ?" አለ። ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጠነ። "ሙሉ ደወለችልኝ። ምን አሳየችሽ?"

ፀዳለ ተነሥታ ወደ በሩ መጣች። ኮሪደሩ ድቅድቅ ጨለማ ነበር፤ ግን ምንም አልነካችም፣ ምንም አልነካትም። ሁሉንም ልትለው ትችል ነበር። ለምን አልነገርከኝም፣ ለምን አቀፍከኝ፣ ለምን እህቴ አልከኝ። ጥያቄዎቹ ግን እንደ ሌላ ሰው ጥያቄ ሩቅ ሆኑባት።

"ምንም አላየሁም፣ ወንድም ጋሼ" አለችው በለሰለሰ ድምፅ። "ገና ስትከፍትልኝ መብራት ጠፋ። ምን ሆና ነው የሮጠችው? ልጆቹንም በዝናብ ይዛ?"

ኅሩይ ጨለማው ውስጥ ፊቷን ፈለገ። ዝናቡ ከጣሪያው ጫፍ በጀርባው በኩል ይወርዳል።

"እውነትሽን ነው?"

"መቼ ዋሽቼህ አውቃለሁ?"

እውነቷን ነበር፤ እስከዚያች ቀን ዋሽታው አታውቅም። ኅሩይ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ፣ "ይቅር በይኝ፣ ፀዱዬ። አንድ ቀን ሁሉንም አጫውትሻለሁ" አለ። ጫማውን ደጃፉ ላይ አራገፈ፤ አጎንብሶ፣ እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ውስጥ ገባ።

እሷም በሩን ከኋላው ቀስ ብላ ዘጋችው፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜም በጣም እንደራባት ታወቃት።