እትዬ አስካለ ያዋሱኝ ቅድመ አያት

አስቀድሜ ልናገር፣ እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ዕድሜ ልኬን ሒሳብና ሳይንስ ሳስተምር "ማስረጃህ የት አለ?" ማለት ልማድ ሆኖብኝ፣ ባለቤቴ እንኳ "ወጡ ጨው በዝቶበታል" ስትለኝ ሳልቀምስ አልቀበላትም። በዚያ ላይ የራሴን ትውስታ እንደ ድሮው አላምነውም፣ ስለዚህ ወዳጄ፣ እርግጠኛ የሆንኩበትንና ያልሆንኩበትን እየለየሁ አጫውትሃለሁ፣ ፍርዱን ለአንተ እተዋለሁ። ጨለማና ሌሊት ደግሞ አትጠብቅ፣ ነገሩ የሆነው እሑድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነው።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ግድም ድሬዳዋ አስተምር ነበር፣ ትውልዴ ግን ሸዋ ሮቢት ነው። ብርቅነሽ የምትባል የቀወት ልጅ ወድጄ፣ አጎቴ ሽማግሌ ልኮልኝ ነበር። አባቷ አቶ ተሰማ ጥያቄውን አልጠሉትም፣ ሆኖም በእኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት በዘር የሚገናኙ ሰዎች ስለማይጋቡ፣ አባት እስከ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ሰባቱን መቁጠር ግድ ነው፣ ሟቹ አባቴ ደግሞ በልጅነቱ ብቻውን ከመንዝ የወረደ ሰው በመሆኑ፣ የሚቆጥርልኝ ዘመድ በአገሩ አልተገኘም። አቶ ተሰማም፣ "እንግዲያው ልጁ ራሱ መጥቶ በአፉ ይቁጠር፣ የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ ባለው እሑድ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ካልተገኘ ግን የማጀቴውን ሰው እሺ እላለሁ" ብለው ቆረጡ። የማጀቴው ሰው ብርቅነሽን የሚጠይቅ ሌላ ባለጸጋ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ከድሬዳዋ ለገሀር በሦስተኛ ማዕረግ ተሳፈርኩ፣ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ተነሥቼ በጣርማ በር ቁልቁል ብወርድ፣ እሑድን ሮቢት አነጋለሁ ብዬ። ባቡሩ ግን አዋሽ ሳይደርስ፣ ሚኤሶ ይሁን አፍደም ዛሬ መማል አልችልም፣ ከአንዲት ትንሽ ጣቢያ ላይ ቆመ፣ ደራሽ ጎርፍ ከሐዲዱ ሥር ያለውን አፈር ጠርጎ ወስዶት ነበር። ዓርብ "ማታ ይነሣል" ተባልን፣ ቅዳሜ "ነገ ጠዋት" ተባልን፣ እሑድ የጣቢያው ሹም "ሲጠገን ይነሣል" ብሎ በሩን ዘጋ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ልቤ እንዲያ ባይቃጠል ኖሮ ደስ የሚል ቆይታ ነበር። ሰው ብርድ ልብሱን በፉርጎው ጎን ወጥሮ ዳስ ሠርቷል፣ የአካባቢው ሴቶች የፍየል ወተት ያመጣሉ፣ በሁለት ቀን ውስጥ የማን ልጅ እንደሚያስልና የማን አማት ክፉ እንደሆነች ሁላችንም አውቀናል። ከእኔ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ የከረሙት ጋሽ ኢድሪስ የሚባሉ የይፋት ነጋዴና፣ ድሬዳዋ ኦቾሎኒ የሚቸረችሩ እትዬ አስካለ ነበሩ፣ እትዬ አስካለ ለዘመድ ጥየቃ የያዙትን ኦቾሎኒ ለእኛ እያደሉ ጨርሰውት ነበር ማለት ይቻላል።

"ምነው መምህር፣ ያን ሰዓት እንዲህ ስታፈጥበት ደንግጦ ይቆማል!" አሉኝ ጋሽ ኢድሪስ።

ለስድስት ሰዓት ጥቂት ጉዳይ ነበር። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው።

"አይ የእኔ ልጅ!" አሉ እትዬ አስካለ። "ምናለ በሐሙሱ ባቡር በመጣህ!"

"የሐሙሱም ይኸው እዚህ ይቆም ነበር" አሉ ጋሽ ኢድሪስ፣ ሽርጣቸውን ሰብስበው እየተኮፈሱ። "እንግዲያው እዚሁ ቁጠር፣ የልጅቷ አባት እኔ ነኝ።"

"እኔ እናቷ፣ ጥሎሹም አንሷል!" አሉ እትዬ አስካለ።

ሳቅን፣ እኔም ለጨዋታው ብዬ ተነሥቼ እጅ ነሣሁና ተቀመጥኩ፣ መቁጠርም ጀመርኩ። በላይነህ፣ ወንድይራድ፣ ሦስተኛው ክፍሌ ስል በሣር ክዳን ላይ ዝናብ ሲወርድ ሰማሁ፣ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው፣ የጣቢያውም ክዳን ቆርቆሮ ነው። ደምሴ ስል የእርጥብ ማሽላ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ገብረ ሥላሴ ስል ከኋላዬ ሽማግሌዎች ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ፣ አንዱም "ቀጥል" ሲል ሰማሁ፣ ዞር ብል ከግድግዳው በቀር ማንም የለም። ስድስተኛው ላይ ደረስኩና ጠፋኝ፣ አባቴ ሲያስጠናኝም የምሰናከለው እዚያ ላይ ነበር።

"ጓንጉል በል" አሉ እትዬ አስካለ እፍኝ ኦቾሎኒ እያቀበሉኝ። "የእኔን ቅድመ አያት አዋስኩህ፣ ስታገባ ትመልስልኛለህ።"

"ጓንጉል" አልኩ፣ "ሰባተኛው ሀብቴ።"

ወዲያው የባቡሩ ጡሩንባ ተነፋ። ሁላችንም ዕቃችንን አንሥተን ሮጥን፣ ነጂው ግን በጥላ ሥር ተኝቶ ነበር፣ እኔ አልነፋሁም ብሎ ማለ፣ ባቡሩም የተነሣው አመሻሽ ላይ ነው።

ማክሰኞ ሮቢት የገባሁት ለለቅሶ እንደሚሄድ ሰው አንገቴን ደፍቼ ነው። አጎቴ ከደጅ አገኘኝና፣ "አንተ! ምን ቢያጣድፍህ ነው አፍህን እንኳ ሳታርስ የሄድከው?" አለኝ።

"መቼ?"

"እሑድ ነዋ! በዚያ ዝናብ መጥተህ፣ ኮትህ ላይ ጠብታ የለም።"

"ጋሼ፣ ቆጠርኩ?"

"እንደ ውኃ! ስድስተኛው ላይ ብቻ ቆም ስትል ደነገጥኩ፣ አንዱ ሽማግሌ 'ቀጥል' ሲልህ ጓንጉል አልክ፣ ሀብቴን ጨመርክ፣ አቶ ተሰማም የእነሱን ቆጠሩ፣ የምትገናኙበት የለም፣ እሺ አሉ። ጠጅ ይቀዳለት ሲባል 'ልሂድ፣ ባቡሩ ሊነሣ ነው' ብለህ ወጣህ። ሮቢት ላይ ባቡር! በሳቅ ሞትን።"

እመነኝ፣ አጎቴ ሌላ ሰው እኔን አስመስሎ አቅርቦ ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ፣ ግን ጓንጉልን ከዚያ አግዳሚ በቀር ማን ያውቀዋል? ብርቅነሽም በኋላ፣ እኔ ተቀምጬበት ነበር ከተባለው ቁርበት ላይ ያነሣችውን የኦቾሎኒ ልጣጭ በመሐረብ ጠቅልላ አሳየችኝ። ጋሽ ኢድሪስ ለገበያ ሮቢት ሲመጡ ጠየቅኋቸው፣ "ወላሂ፣ ከአግዳሚው ንቅንቅ አላልክም" አሉኝ፣ ሊሄዱ ሲነሡም፣ "ብቻ ስትቆጥር ዓይንህ እኛን አያይም ነበር" አሉ።

በጥር ተጋባን። ቅሬታ የለኝም፣ ልጆች ወለድን፣ ሎሚና ብርቱካን ተከልን፣ ከቤት በወጣሁ ቁጥር "ቶሎ በል፣ ባቡሩ እንዳይነሣብህ" ማለት እስከ ዛሬ የብርቅነሽ ቀልድ ነው። እትዬ አስካለን ግን ድሬዳዋ ብፈልጋቸው አላገኘኋቸውም፣ ያዋሱኝም አልተመለሰላቸውም።

ታዲያ በቅርቡ የአባቴን የዱሮ ዳዊት ሳስጠግን፣ ከሽፋኑ ገበታ ሥር በእጁ የጻፈው ሰባት ቤት ወጣ። ስድስተኛው ተድላ ይላል። አቶ ተሰማ የዚያን እሑድ የቆጠሩት የብርቅነሽ ሰባተኛ ቤትም ተድላ ነው። ስሙ በመንዝ የሞላ ነው፣ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው ለማለት ማስረጃ የለኝም፣ አይደሉም ለማለትም የለኝም። እኔ ራሴ በሰዓቱ ደርሼ፣ ስሙም ትዝ ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ግን፣ አቶ ተሰማ ልጃቸውን እንደማይሰጡኝ አውቃለሁ።

ብዙ ቀን ካመነታሁ በኋላ ለብርቅነሽ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፣ ዳዊቱን ቀስ ብላ ከደነችና፣ "የመጣው ሰው ሲቆጥር ከጓዳ ሆኜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ እሱ ይበቃኛል" አለች።

"ታዲያ ያገባሽው እኔን ነው ወይስ የመጣውን?"

"የመጣውን ነዋ!" አለች እየሳቀች፣ ቀና ብላም ፊቴን አየችኝ፣ ደግማ አየችኝ፣ ሳቋንም ቀስ ብላ ተወችው።